ቀኝ ብቻ የሚያመርተው ኮሌጅ

በአሰላ ከጭላሎ ተራራ ቀጥሎ ከፍ ብሎ የሚታየው የኮሌጃችን የምርምር ኮሚቴ ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ጭላሎ እንኳ ደመና ሲሸፍነው ይጠፋል፤ እኔ ግን እንደታየሁ እውላለሁ።

የኬሚስትሪ መምህራችን ፈናን አንድ ካታሊስት፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ቅመም፣ ሠርታ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ገምጋሚዎች ካልወደዱት ላቦራቶሪዋ ሊዘጋ ነው። አንዳንድ መድኃኒት፣ አለችን፣ እንደ ሁለት እጅ መንታ ነው፤ ይመሳሰላሉ እንጂ ያንዱ ጓንት ለሌላው አይሆንም። አንዱ ያድናል፣ ሌላው አይረባም። ተራው አሠራር ሁለቱን ደባልቆ ያወጣል፤ የእሷ ካታሊስት ግን አንዱን ብቻ መርጦ ይሠራል።

"ቀኙን ነዋ" አሉ ሰብሳቢያችን አቶ ሚልኬሳ።

"እዚህ ላይ እኮ ጋሼ..." ስትል አጨበጨብን። የእኔ ጭብጨባ ብቻውን አዳራሽ ይሞላል። ለመሆኑ በግራው የሚያጎርስ ማን አለ? ወዲያው "የግራ ዝንባሌን ከምርምር ዘርፉ ስለ ማስወገድ" የሚል ታሪካዊ ውሳኔ አረቀቅሁ፤ ግራኝ የሆነ ሁሉ ላቦራቶሪ እንዳይገባ።

ፈናን ለመቃወም እጇን አወጣች። ግራዋን።

"ማሎ፣ ምነው ፈናን" አሉ አቶ ሚልኬሳ ከልብ አዝነው። "አንቺም?"

ቁልፉን ተቀበሏት። ሥራውን እኔ ተረከብኩ፤ እኔ ኬሚስትሪን ባላውቀው እሱ ያውቀኛል። ካታሊስቱ በሁለት ብልቃጥ ነበር፣ አንዱ ግራውን ሌላው ቀኙን የሚሠራ፤ "ግራ" የሚለውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ "ቀኝ" በሚለው አሠራሁ።

ገምጋሚዋ ዶክተር ሰናይት ውጤቱን መርምረው ተደነቁ። "እጅግ ንጹሕ ነው። ግራ የሚባል ዘር የለበትም።"

ደረቴን ነፋሁ።

"የሚያድነው ግን ግራው ነበር። የት አደረሳችሁት?"

አቶ ሚልኬሳ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ጭላሎ።

ፈናን ተለምና መጣች፤ ቁልፏም ተመለሰላት። ብልቃጧን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ንጹሑን ግራ ሠርታ አሳየች፤ ላቦራቶሪውም ከመዘጋት ተረፈ።

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰብስቦ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አጣራ፤ የቀኝ እጅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ "በቀኙ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ላቦራቶሪው ደጃፍ እንዳይደርስ" ስል ከፊተኛውም የላቀ ታሪካዊ ውሳኔ አረቀቅሁ።

"ተቃውሞ ያለው?" አሉ አቶ ሚልኬሳ፣ ፈናንን በፍርሃት እያዩ።

"የለኝም ጋሼ" አለች። "ኮሚቴው እንዲህ ያለ ግሩም ነገር ወስኖ አያውቅም።" ቁልፏን ይዛ ሄደች፤ ገብታም ከውስጥ ቆለፈች።

የኮሚቴው አባል ሁሉ በቀኙ የሚሠራ መሆኑን ያስተዋልነው በሩ ላይ ደርሰን ነው። እኔ እንኳን ከተወለድኩ ጀምሮ ግራኝ ነኝ። ይኸው በግራ እጄ እያንኳኳሁ ነው።