ጋዜጣ ላይ የመጣ ውሃ

ለመሆኑ እናንተ ሰፈር ጋዜጠኛ አለ? ከደብረ ማርቆስ ትንሽ ወጣ ብላ ባለችው ከተማችን አንድ አለን። ጎረቤቴ ነው። ዕድሜ ይስጠውና፣ በሹማምንት መካከል ክፉ ነገር አይቶ አያውቅም። ዓይኑን አሞት እንዳይመስላችሁ፤ ዓይኑስ ደህና ነው።

ባለፈው ሰሞን የምክር ቤት አባላት የሰፈራችንን የውሃ ቦኖ ሊቆጣጠሩ መጡ። ቧንቧው ሲከፈት ፉጨት ብቻ ወጣ። ሰብሳቢው የውሃ ኃላፊውን «ውሸታም!» አሉት። «ውሸታምስ እርስዎ!» አላቸው። ከተናነቁበት ያላቀቅናቸው እኛ ነን፤ የሸሚዜ ቁልፍ እንኳ በግልግል ተበጥሷል። ጎረቤቴ አጠገቤ ቆሞ ይጽፋል።

ቅዳሜ ጋዜጣው ወጣ። «አባላቱና ኃላፊው ተቀራርበው ተወያዩ፤ ነዋሪዎችም የንጹሕ ውሃ ተጠቃሚ ሆነዋል» ይላል። ተቀራርበው መባሉን አልቃወምም፤ አንዱ የሌላውን ኮሌታ ይዞ ነበር።

ይህንኑ ከቦኖው ፊት ለፊት ለሚኖሩት ለእማማ ጥሩነሽ አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲያበቁ ባዶ ጀሪካናቸውን አንሥተው ጋዜጠኛው ደጅ ላይ ሄደው አስቀመጡ። ያየ ሁሉ ተከተላቸው፤ ሰልፉ እስከ ባጃጅ መቆሚያው ደረሰ።

ጋዜጠኛው በሩን ከፍቶ «ምነው እማማ፣ ምን ሆናችሁ?» አለ።

«ውሃውን ያየኸው አንተ ነህ፤ ካየህበት ቅዳልኝ፣ ልጄ።»

ጋዜጠኛው ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየና ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። በሳምንቱ ጋዜጣው እንዲህ ሲል ዘገበ፦ «ሕዝቡ በጋዜጣችን ላይ ያለው እምነት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ መጥቷል።»