ከዱባይ የመጣው ጎሚኒ

ጎሚኒ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ እድለኞች ናችሁ፤ ወይ መኪና የላችሁም፣ ወይ ያላችሁ መኪና አዲስ ነው። ጎሚኒ ማለት ከመኪናው ሆድ ሥር ብረትና ብረት በሚገናኙበት ቦታ መሃል የሚገባ ጎማ ነው። በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም። መንገዱ ሲማታ እሱ ይመታል፤ ላይ የተቀመጠው ሰው አይሰማውም። ሲያረጅ ይሰነጠቅና ብረት ከብረት መጋጨት ይጀምራል።

የእኔዋ መኪና የኋላ ጎሚኒዎቿ አልቀው ነበር። መኪናዋ የጀርመን ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። በጊዜዋ ለፍጥነት ብለው የሠሯት ናት። እዚህ ግን ከባምቢስ እስከ መስቀል አደባባይ በሰልፍ እየተጎተተች ነው የምትሄደው። አንድ ቀን ሶፋ የተሸከመ ሰው ቀድሞኝ ካለፈ በኋላ ዞር ብሎ አይቶኛል። እንዴት እንዳየኝ አልነግራችሁም።

ጎሚኒው ካለቀ ወዲህ ደግሞ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ኋላዋ መወዛወዝ ጀመረ። የቢሮ ባልደረቦቼ «መኪናህ እስክስታ ትወርዳለች» ይሉኛል። አብሬ እስቃለሁ። ሰው በቁመቱ ሲቀልዱበት ይችላል፣ በደመወዙም ይችላል። በመኪናው ሲሆን ነው የማይችለው።

ስለዚህ ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ ድሮ ካዛንቺስ ጋራዥ የነበራቸው፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ቂርቆስ አንድ ግቢ ውስጥ የተጠጉ መካኒክ ናቸው። ከመኪናዋ ሥር ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ የድሮውን ዓይነት ለስላሳ ጎማ እንዳስመጣ ነገሩኝ። እኔ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣልኝን ጎሚኒ በከረጢት ይዤ ነበር። ቀይ ነው፣ ጥፍር አይገባበትም። ለእሽቅድምድም መኪና የሚሠራ ነው። ጥቅሙን አንድ ፈረንጅ በስልኬ ቪዲዮ ሲያስረዳኝ ሦስት ሌሊት አምሽቻለሁ። ጋሽ ታደሰ አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ለሚሽቀዳደም ሰው ነው። አንተ የምትጭነው ማንን ነው?»

«እናቴን።»

«እንግዲያው ለእናትህ የሚሆን አምጣ።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ሽማግሌው መክረዋል። እኔ ግን «የእሳቸው ዘመን አልፏል» አልኩ በልቤ፤ ቀዩን አስገባሁ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! መኪናዋ መወዛወዟን ትታ ቀጥ ብላ መሄድ ጀመረች። መሪውን ስነካው ትሰማለች። ቢሮ ውስጥ «እስክስታ» የሚል ቀረ።

እናቴን አላስተዋወቅኳችሁም። እማዬ አርባ ዓመት ካዛንቺስ ኖራለች። ሰፈሩ ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ውሃ አለው፣ መብራት አለው፣ ሰው የለውም። ማለቴ ሰውማ ሞልቷል፤ የእሷ ሰው ነው የሌለው። የቀሩላት እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። የግድግዳ ጎረቤቷ የነበሩ፣ አሁን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አንዲት ክፍል የተከራዩ። ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ አይሆንላቸውም፤ ፊት ለፊት ካልሆነ ወሬ የለም። እሁድ እሁድ እማዬን ወደ ቂርቆስ አደርሳታለሁ፤ ካስቀደሱ በኋላ እትዬ አስካለ ቤት ገብተው ሲስቁ ይውላሉ። ከሳምንቱ ሰባት ቀን እማዬ በእውነት የምትኖረው ያንን አንዱን ነበር።

ጎሚኒው በተቀየረ በመጀመሪያው እሁድ እየፎከርኩ ሄጄ ጫንኳት። ኮብልስቶኑን ጨርሰን አስፋልት ስንገባ፣

«እማዬ፣ ለውጡ ተሰማሽ?» አልኳት።

«ተሰማኝ የኔ ልጅ። እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ፣ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ እንደያዘች።

አራት እሁድ እንዲህ ሄድን። በአምስተኛው፣ እዚያው ኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ያለችው ማርያም እንደምትበቃት ነገረችኝ። ቅዳሴዋ ደስ ይላል፣ ካህናቱም ደጎች ናቸው አለች። እኔ ምን አልኩ? ደስ አለኝ! በመጨረሻ አዲሱን ሰፈር ለመደች አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ እሁዴ ነፃ በመውጣቱም ደስ ብሎኛል። ብቻዬን ወደ ፈጣን መንገዱ እየወጣሁ መኪናዬን አበርራት ጀመር። ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ባምቢስ ዳቦ ገዝቼ ስወጣ ከእትዬ አስካለ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሰላምታዬን በወጉ እንኳን አልተቀበሉኝም።

«አንተ ልጅ! እናትህን ምን ብትጠላት ነው በዚያ መኪና የወቀጥካት?»

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለካስ እማዬ እሁድ ከእኔ መኪና ወርዳ ሰኞና ማክሰኞ ወገቧን ይዛ ትተኛ ነበር። ለእኔ እንዳይነግሩኝ እትዬ አስካለን አስምላቸዋለች። «ልጄ መኪናው ተሠርቶለት እንዲህ ደስ ብሎት፣ አመመኝ ብዬ ደስታውን ላጥፋበት?» ብላ። ሕፃኑ ቂርቆስ እናቱን እሳት ውስጥ ያጸና ነው። በእሱ ደጅ፣ እኔ ሽበታሙ እናቴን መኪና ውስጥ እንኳን በደህና ማስቀመጥ አቃተኝ።

እትዬ አስካለ አልጨረሱም። የተከራዩበት ቤትም ሊፈርስ ስለሆነ ደብረ ብርሃን ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። ቶሎ እንዳመጣት ጆሮዬ ላይ ጮሁ።

ከዚያው ወደ ጋሽ ታደሰ በረርኩ። «ነግሬህ ነበር» አላሉም፤ ቢሉ ይሻለኝ ነበር። ለስላሳው ጎሚኒ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ለምን በታክሲ አልወሰድካትም ትሉኛላችሁ። ምን ነካህ፣ ታክሲ እኮ ስልክህ ላይ አለ ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ግን በታክሲ ብወስዳት ማወቄን ታውቃለች። ካወቀች ይቅርታ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። መኪናዬ በጸጥታ ተሠርታ፣ እናቴን በጸጥታ ጭኜ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ልሆን ፈለግሁ። ይሉኝታ ከእናት የሚወረስ ይመስላችኋል? እሷ እኔን እንዳይከፋኝ ነው ዝም ያለችው። እኔ እንዳላፍር ነው።

በአራተኛው እሁድ «እትዬ አስካለን እንጠይቅ» ብዬ ጫንኳት። ቂርቆስ አስቀድሳ ወጣች። ወደ ጀርባው ስንዞር እትዬ አስካለ ቤት የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። ቆርቆሮው አጠገብ የቆመ ጥበቃ፣ አሮጊቷ ረቡዕ ዕለት ዕቃቸውን ጭነው መሄዳቸውን ነገረን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

እማዬ ቆርቆሮውን ትንሽ አየችው። ነጠላዋን አስተካክላ ተመልሳ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ግማሽ መንገድ ያህል ሄድን። ከዚያ እኔ ፈሪው፣

«ወገብሽን አመመሽ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ምንም! ምን የመሰለች መኪና» አለችኝ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ። «ከእንግዲህ ግን እሁድ እሁድ አትድከም።»

መኪናዋን ልሸጣት ነው። የምትፈልጉ ካላችሁ ኑና እዩዋት፤ የኋላ ጎሚኒዎቿ አዲስና ለስላሳ ናቸው፣ ቅንጣት አትንጥም። ካላመናችሁኝ እናቴን ጠይቋት። ምንም አትልም።