የቡዳፔስት ከንቲባ፣ መኖሪያው እንጅባራ

በየከተማው፣ እግሩ ያልረገጠውን አገር ተወልደው ካደጉበት ሰዎች አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ዳንግላ ውስጥ የዱባይን ሕንጻዎች ፎቅ በፎቅ የሚቆጥር ልብስ ሰፊ አለ ይባላል። አዲስ ቅዳም ደግሞ የለንደንን ዝናብ ሰዓቱን ጠቅሶ የሚናገር ከሰል ነጋዴ አላት። እንጅባራ ግን ሁሉንም ታስከነዳለች። እንጅባራ ጋሼ እንግዳው አሏት፤ የጋሼ እንግዳው ከተማ ደግሞ ቡዳፔስት ናት።

ጋሼ እንግዳው ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከአዲስ አበባ አልፈው አያውቁም፤ እዚያም የሄዱት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው። ሰዉ "ክቡር ከንቲባ" ይላቸዋል። ጽሕፈት ቤታቸው የጠሃ ሱቅ ደጃፍ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይገባሉ፤ ለምሳ ይወጣሉ፤ ስምንት ሰዓት ይመለሳሉ። እንዲህ ሰዓት የሚያከብር ከንቲባ፣ እውነተኛ ከንቲባ ባላቸው ከተሞችም እንደ ልብ አይገኝም።

ጠሃ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። የጋሼ ተማሪ ነበር። ያኔ "የዓባይን ገባሮች ዘርዝሩ" የሚል ጥያቄ ሲወጣ የክፍሉ ግማሽ የዳኑብን ይዘረዝር ነበር። ስለዚህ አግዳሚው ላይ የመጣበት ነገር አዲስ ሥቃይ አይደለም፤ ስምንተኛ ክፍል የጀመረው ነው።

አንድ ሰው ከዝናብ ሸሽቶ ሱቁ ይገባና ጎርፉን ያማርራል። ጋሼ ቀና ይላሉ።

"ጎርፍ? ጎርፍ አይታችኋል? በፈረንጆቹ 1838 ዳኑብ ሞልቶ ፔስትን ጠራርጎ ወሰዳት። እንደገና ሠሯት። እኛ አንድ ቦይ መጥረግ አቃተን።"

አድማጩ አልገባኝም ካለ ጉድ ፈላ። የስኳሩን ጆንያ በምሥራቅ ያስተኙታል፤ ፔስት ነው፣ ሜዳው። የጨው ፓኬቶቹን በምዕራብ ይቆልሏቸዋል፤ ቡዳ ነው፣ ተራራው። በመሀል የኤሌክትሪክ ገመድ ይዘረጉና ዳኑብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይፈሳል። ጠሃ ስኳር ሊመዝን ጆንያውን በነካ ቁጥር ይቆጣሉ።

"ቀስ በል! ፓርላማው ላይ ነው የቆምከው!"

ከዘንገና በኩል ድንች እያመጣች የምትሸጠው እትዬ ሙሉነሽ ይህን ትምህርት መጀመሪያ የሰማች ቀን ሦስት ጊዜ አማተበች። "ምን የሚሉት ከተማ ነው፣ ግማሹ ቡዳ የሆነ!"

ጋሼ አልሳቁም። "ግማሹ አይደለም። አንድ ሦስተኛው ነው።"

ጠሃንም አይምሩትም። "ቱርኮች መቶ አርባ አምስት ዓመት ገዝተዋታል፤ የእምነት ወንድሞችህ። የሠሩት መታጠቢያ ቤት እስከ ዛሬ ውሃ አለው። አንተ ያችን የምታንጠባጥብ ቧንቧ መቼ ነው የምታስጠግናት?"

የማይሳቅበት አንድ ትምህርት ብቻ አለ። ሃንጋሪዎች ከምሥራቅ በፈረስ የመጡ ሰባት ነገድ እንደነበሩ፣ ሰባቱ አለቆቻቸውም ቡዳፔስት አደባባይ ላይ ከነፈረሳቸው በሐውልት እንደቆሙ ሲናገሩ ደጃፉ ጸጥ ይላል። ሰባት ቤት አገው ባለበት አገር ሰባትና ፈረስ አብረው ከተነሱ ቀልድ የለም።

"ሰባት ነው ያሉኝ?" ይላል አንዱ ፈረሰኛ ገበሬ።

"ሰባት።"

"እንዲያማ ከሆነ ሰዎች ናቸው።"

ይህ ሁሉ ከየት መጣ ለሚል መልሱ አጭር ነው። በ1981 ዓ.ም. ወጣቱ መምህር እንግዳው ለትምህርት ወደ ቡዳፔስት ሊሄዱ ተመርጠው ነበር። ካርታ ተሰጣቸው፤ ኮት አሰፉ፤ ስምንት ወር አጠኑ። ከዚያ እዚያም መንግሥት ተለወጠ፣ እዚህም ተለወጠ። ጉዞው ቀረ። ኮቱ አለቀ። ካርታው አለ።

ዘንድሮ የጠሃ ልጅ አፊያ የውጭ ትምህርት ዕድል አገኘች። ከተማዋ ቡዳፔስት። ጠሃ ስሙን ሲሰማ መጀመሪያ የመሰለው ጋሼ የቀለዱበት ነው። እውነት መሆኑን ሲያውቅ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘጋና አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ። ልጁ ከባሕር ዳር አልፋ አታውቅም።

"ጋሼ፣ ይንገሩኝ" አለ። "ከመጀመሪያው ጀምረው።"

ጋሼ አራት ገጽ ካርታ በእጃቸው ሣሉ። ለአፊያ ሲሰጧት እንደ ፈተና ወረቀት አስረከቧት። "በምድር ውስጥ ባቡሩ ሄደሽ ሞስኮ አደባባይ ውረጂ። ማደሪያሽ ከዚያ በእግር ነው። ከጠፋብሽ ሞስኮ አደባባይ በይ፤ ሕጻን ልጅ ያሳይሻል።"

በደረሰች ማግሥት ከሰዓት በኋላ ደወለች። ጠሃ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው። ደጃፉ ሞልቷል፤ ባለ ባጃጁ ምንይችል ሳይቀር ሥራ ፈቶ ቆሟል።

"ደህና ገባሽ፣ ልጄ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ገብቻለሁ አባዬ። ግን ሁለት ሰዓት ጠፍቼ ነበር። ሞስኮ አደባባይ የሚባል የለም።"

"የለም ማለት?"

"ስድስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሁሉም የኔ እኩዮች። አንዱም አያውቀውም። ስልኬም አያውቀውም። በኋላ አንዲት አሮጊት ሰምተው ሳቁና እጄን ይዘው እስከ ማደሪያዬ በር አደረሱኝ። ስሙ ከተቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ካርታው ላይ ያሉት መንገዶች ግማሾቹ ስማቸው ሌላ ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጋሼ እዚያ አሉ እንዴ?"

"ክቡር ከንቲባ!" አለ ምንይችል። "ሳይነግሩዎት ሽረውዎታል!"

ደጃፉ በሳቅ አውካካ። ጠሃም ሳቀ፤ ልጁ በሰላም ስለገባች ሳቁ አምልጦት ነው። ጋሼ ጃንጥላቸውን አነሱ፣ "ደህና ዋሉ" አሉ፣ ሄዱ።

በማግሥቱ አልመጡም። ጠሃ ስኳሩን ያለ ማንም ፈቃድ መዘነ። በሁለተኛው ቀን ሱቁ ከዳኑብና ከፓርላማው ሲጸዳ ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን አንድ ደንበኛ ስለ ዝናቡ አማርሮ ሲጨርስ ጠሃ ወደ አግዳሚው ዞሮ ጠበቀ። መልስ የሰጠ የለም። በአምስተኛው ቀን ቤታቸው ሄደ።

"ጋሼ፣ የሚኒባሱ ረዳት እኮ እስከ ዛሬ በድሮው ስማችን 'ቆሰበር! ቆሰበር!' እያለ ነው የሚጣራው። እንጅባራ የሚል የት ሰምተው ያውቃሉ? ስም ቢቀየር ከተማው የት ይሄዳል?"

"እሱ ረዳት ነው፤ እኔ መምህር ነኝ" አሉ ጋሼ። "ልጅህ ባስተማርኳት ትምህርት በሰው አገር ጠፋች።"

ጠሃ ወደ ሱቁ ተመለሰ። በመንገድ ላይ የከነከነው የካርታው ስህተት አይደለም፤ የራሱ ሳቅ ነው።

በዘጠነኛው ቀን እትዬ ሙሉነሽ ሳሙና ልትገዛ መጣች። ጠሃ በትከሻዋ አሻግሮ ሲያይ ጋሼ በማዶ በኩል ያልፋሉ። ወደ ሱቁ አይመለከቱም።

"ልጅቱስ እንዴት ሆነች?" አለች ሙሉነሽ።

ጠሃ ድምፁን አስፋልቱን እስኪሻገር ከፍ አደረገው። "ደህና ናት! በምድር ውስጥ ባቡር ነው የምትመላለሰው! ባቡሩን ከፓሪስ ኮርጀው ነው የሠሩት አሉ!"

በማዶ ጃንጥላው ቆመ።

"ምን ያስጮህሃል? አጠገብህ ነኝ እኮ" አለች ሙሉነሽ።

"ገና ዓምና ነው የሠሩት!" አለ ጠሃ። "ድልድይ የሚባልም የላቸውም! ዳኑብን በታንኳ ነው የሚሻገሩት!"

ምንይችል ባጃጁን በፍሬን አንጫጫት። ጋሼ ግራ ቀኝ ሳያዩ አስፋልቱ ውስጥ ገብተዋል።

"ማን ነው እንዲህ ብሎ ያስተማረህ?"

"እርስዎ ነዎታ፣ ጋሼ።"

"እኔ? እኔ!" ጃንጥላው ባንኮኒው ላይ አረፈ። "በፈረንጆቹ 1896! ፓሪስ አራት ዓመት ቆይታ ነው የተከተለቻት! ድልድዮቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ሳይቀር ፈርሰው እንደገና ተሠርተዋል! በታንኳ ይላል!"

"ካልተማመንን አፊያን እንጠይቃት" አለ ጠሃ። ይህን ሲል ቀድሞ ደውሏል።

አፊያ ባቡር ላይ ነበረች። ጋሼ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "አፊያ፣ ከምድር በታች ኔትወርክ ይሠራል?" አሉ።

"ይሠራል፣ ጋሼ።"

"እዚህ ከምድር በላይም አስቸግሮናል።" ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። "ያ አደባባይ አሁን ማን ተባለ?"

"ሴል ካልማን። ከሞስኮ በፊትም ስሙ እሱ ነበር አሉኝ።"

"በፊትም! ታዲያ ምኑ ነው አዲሱ?" ቀና ብለው ምንይችልን አዩት። ምንይችል ባጃጁን መወልወል ጀመረ። ጋሼ አግዳሚያቸው ላይ ተቀመጡ፤ ጠሃ የደረሰኝ ወረቀት አቀበላቸው። "በይ፣ በየጣቢያው ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ፤ እየጻፍኩ ነው።"

ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰው ተሰልፏል። ሙሉነሽ ባንኮኒውን ቆረቆረች።

"ጠሃ፣ ሳሙናዬን ስጠኝና ልሂድ።"

"ቆዪ እንጂ፣ እትዬ ሙሉነሽ" አለ ጠሃ፣ ጆሮውን ከስልኩ ሳያነሳ። "ገና ሦስት ጣቢያ ይቀራታል።"