አቶ መርቪን አራት ሊትር ወይን ታጥቀው በመርከብ ላይ ስለ ዘመቱት ዘመቻ

አቶ መርቪን ተክዌል ከውሃ ቆጣሪ ንባብ ሥራቸው በጡረታ በተሰናበቱ በአራተኛው ዓመት፣ ግራ ጉልበታቸው በብረት በተተካ በሁለተኛው ዓመት፣ የሜይትላንድ የሣር ኳስ ክለብ ሊቀ መንበርነት ከሮን ስኪውስ ወጥቶ ወደ ሮን ስኪውስ በተመለሰበት ዘመን፣ የየካቲት ሙቀት የመንገዱን ሬንጅ ባቀለጠበት ሰሞን፣ የማይረባ ነገር በታላቅ ክብር ተደረገ፤ እኛም እንዳየነውና እንደ ሰማነው፣ ሳንጨምር፣ መቀነስ ቢያምረንም ሳንቀንስ ጻፍነው።

እኚህ መርቪን፣ መዋዒ ዘኢይትመዋዕ፣ ማለትም የማይሸነፉ አሸናፊ፣ በአገልግሎት ዘመናቸው በአራት ውሾች ተነክሰው አንዱንም ይቅር ያላሉ፣ በቆሻሻ በርሜል ማስቀመጫ ምክንያት ከጎረቤታቸው ጋር ዘጠኝ ዓመት ተዋግተው በርሜሉን አንድ ክንድ ያህል ወደዚያ ያስገፉ፣ «አይቻልም» የሚል ጽሑፍ ባዩ ቁጥር ደማቸው የሚፈላ ሰው ነበሩ። ሰው ግን በደሙ መፍላት ብቻ ትልቅ አይሆንምና፣ በከተማው የሚያውቃቸው ሁሉ ሲመጡ ሲያይ ወደ ሌላው የመንገድ ዳር ይሻገር ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ግሌኒስ ደግሞ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ያገለገሉ፣ ዝምታቸው ከሌላው ሰው ጩኸት የሚከብድ፣ አንድ ጉዞ አርባ ሁለት ዓመት ሲጠብቁ ኖረዋል። በሃያ ሦስት ዓመታቸው በሩቅ ባሕር ባለችው በሳንቶ ደሴት፣ በሉጋንቪል ሆስፒታል ሲሠሩ፣ ሌይማስ ከምትባል አዋላጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተው፣ በአንድ አጎበር ሥር ተኝተው፣ አንድ ጫማ ተፈራርቀው ተጫምተው ነበር። ከተለያዩም በኋላ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ኖረው፣ በመጨረሻ ሌይማስ በልጅ ልጇ እጅ ያስጻፈችው መልእክት መጣ፤ «ግሌኒስ፣ ዓይኔ እየደከመ ነው። ፊትሽን ሳላይ እንዳይጨልምብኝ ቶሎ ነይ፤ ወደቡ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ» የሚል። ወይዘሮ ግሌኒስም በዚያው ዕለት ማንንም ሳያማክሩ በሉጋንቪል የምትቆም መርከብ ፈልገው ለሁለት ሰው ቲኬት ቆረጡ። መርቪንም በመርከቧ ላይ ምግብ ያለ ገደብ እንደሚበላ በሰሙ ጊዜ ፈቃዳቸውን ሰጡ።

ከዚህም በኋላ «የኮራል ዘውድ» ከምትባለው ከዚያች መርከብ ደብዳቤ መጣ፤ ቃሉም እንዲህ የሚል ነበር፤ «እያንዳንዱ ለአካለ መጠን የደረሰ ተሳፋሪ አንድ ጠርሙስ ወይን ይዞ መግባት ይችላል። ከዚያ በላይ የሆነ በወደቡ ተቀምጦ በመመለሻው ቀን ለባለቤቱ ይሰጣል።» ሌላው ተሳፋሪ ይህን አንብቦ ጠርሙሱን መረጠ። መርቪን ግን «ይችላል» የምትለውን ቃል ሦስት ጊዜ አንብበው ፊታቸው ቀላ፤ ይችላል የሚል ሰው አይችልም ማለትም ይችላልና። ወይን ጠጅ አብዝተው የሚወዱ እንኳ አልነበሩም፤ ከሁለት ብርጭቆ በኋላ ቃር ያቃጥላቸዋል። ነገር ግን የወይኑ ነገር ከወይን አልፎ የክብር ነገር ሆነባቸው።

ስለዚህ ዓርብ ቀን በክለቡ አዳራሽ፣ ሮን ስኪውስና ሦስት የተኙ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ በወንበር ላይ ሊቆሙ አስበው ስለ ጉልበታቸው ትተውት፣ ተቀምጠው አዋጅ አስነገሩ፤ «የሰማህ ስማ! ያልሰማህ ከሰማው ስማ! እኔ መርቪን የኮራል ዘውድን ደጅ አራት ሊትር ሙሉ ይዤ እገባለሁ። የወደደ ይከተለኝ፤ የፈራ ጠርሙሱን ታቅፎ እንደ ሕፃን ይግባ!» ሮን ስኪውስም፣ በዚያችው መርከብ ከሚስቱ ተደብቆ ለማረፍ ቲኬት የቆረጠ ነበርና፣ ደረቱን እየመታ «አለሁ! እስከ መጨረሻው አብሬህ ነኝ፣ ወንድሜ!» ብሎ ማለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነቅቶ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀ።

ወይዘሮ ግሌኒስ ነገሩን በሰሙ ጊዜ የሚያጥፉትን ሸሚዝ አስቀምጠው እንዲህ አሉ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? ይዛችሁ ግቡ እያሉህ ነው እኮ! በደጅ ና ሲሉህ በመስኮት የምትገባው ለምንድን ነው?»

«አንድ ጠርሙስ?» አሉ መርቪን። «አንድ ጠርሙስ ለማን ይበቃል?»

«ለአንተ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ስትጨርስ መድኃኒትህን የምፈልገው እኔ ነኝ። መርቪን፣ ስማኝ፤ ይሄን ጉዞ ብታበላሽብኝ እውነቴን ነው አልመለስልህም።»

መርቪንም ይህን የሴት ፍርሃት ነው ብለው አለፉት፤ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እንዳደረጉት።

የመሳፈሪያውም ዕለት በደረሰ ጊዜ፣ ገና ማለዳ፣ ጀግናው ወደ መታጠቢያ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። በካርቶን ከሚሸጠው ከተራው ወይን ካርቶኑን ቀድደው፣ በውስጡ ያለውን ብርማ ከረጢት ከነቧንቧው አወጡ፤ ለወገባቸው ሕመም ሐኪም ያዘዘላቸውን ሰፊ መታጠቂያ ዘርግተው ከረጢቱን ሆዳቸው ላይ አጣብቀው አሰሩት፤ በላዩም የዘንባባ ሥዕል ያለበትን ሸሚዝ ደረቡ። በመስተዋትም ፊት ወደ ጎን ቆመው ራሳቸውን ባዩ ጊዜ፣ ለመውለድ ሁለት ሳምንት የቀራት ሴት መስለው ነበር፤ እርሳቸው ግን ንጉሥ አዩ።

ወደ ሲድኒ በሚሄደው ባቡር የተከተላቸው ሠራዊት ይህ ነው፦ ወይዘሮ ግሌኒስ ባለ ሰፊ ባርኔጣ፤ አንድ መንኮራኩሩ የወለቀ ሻንጣ፤ ለሌይማስ የተገዛ አንድ ጥንድ ጫማ በሳጥን፤ የመርቪን የቃር ክኒን፤ ከኋላም ነጭ ወይን በሁለት የሻምፑ ጠርሙስ የሞላው ሮን ስኪውስ፣ ጠርሙሱን በደንብ ማጠቡን እየማለ። በመንገድም ሁሉ ሠረገላው በተናጠ ቁጥር ከጀግናው ሆድ ጓ፣ ጓ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበርና፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ሁለት ጊዜ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየ። ቧንቧውም እምብርታቸውን ይወጋ ጀመር፤ እርሳቸው ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ታገሡ፤ በዕድሜያቸው ለማንም ያን ያህል ታግሠው አያውቁም ነበር።

በወደቡም አዳራሽ ሰልፉ እንደ ዘንዶ ተጠምዝዞ ነበር፤ ሙቀቱም ያስጨንቅ ነበር። ሮን ሻንጣውን በማሽኑ ሰድዶ ያለ አንዳች ችግር አለፈ፤ ወይዘሮ ግሌኒስም አንድ ጠርሙሳቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጠባቂውን ሰላም ብለው አለፉ። መርቪን ደረታቸውን ነፍተው ወደ ብረት መፈተሻው በር ቀረቡ። ስለ ከረጢቱ አራት ሌሊት አስበው፣ ብረት የሌለው መሆኑን መርምረው፣ የቀበቷቸውን ዘለበት እንኳ በገመድ ለውጠው መጥተዋል፤ የረሱት ነገር ቢኖር ጉልበታቸውን ነበር። በሩም እንደ መለከት ጮኸ።

ጠባቂው ሴሚሲ የሚባል የቶንጋ ሰው፣ ቁመቱ እንደ በር፣ ድምፁ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ «ይቅርታ አባባ፣ እጅዎን ዘርጋ ያድርጉልኝ» ብሎ ይዳስሳቸው ጀመር። እጁም ወደ ሆዳቸው በደረሰ ጊዜ ሆዱ ተንቀሳቀሰ፤ እጁን ካነሣም በኋላ መንቀሳቀሱን ቀጠለ።

«አባባ» አለ ሴሚሲ ደንግጦ፣ «ሆድዎ ምን ሆነ?»

በዚያች ቅጽበት የመርቪን ላብ በሸሚዛቸው ዘንባባዎች ላይ ፈሰሰ። እውነቱን ቢናገሩ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። እርሳቸው ግን ድምፃቸውን አሳዝነው፣ «ውሃ ቋጥሮ ነው፣ ልጄ» አሉ።

«ውሃ ቋጥሮ? እንዲህ ሆነው ነው የቆሙት?» አለና ሴሚሲ ወዲያው ተሽከርካሪ ወንበር አስመጣ፤ ሕዝቡንም «መንገድ! ለታመመ ሰው መንገድ ስጡ!» እያለ ገፋ፤ ሰልፈኛውም ሁሉ ባርኔጣውን እያነሣ ተከፈለ። ጀግናው በወንበር ተቀምጠው በሰው መካከል ሲያልፉ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ እንዲህ ያለ አቀባበል ለማን ተደርጎ ያውቃል ብለው በልባቸው ተመኩ። ወንበሩ ግን ወደ መርከቧ ሳይሆን የመርከቧ ሐኪም ወደ ተቀመጠችበት ክፍል ዞረ።

ሐኪሟ ሱማቲ የምትባል፣ ቀጭንና ፈጣን ሴት፣ ሆዳቸውን ከሩቅ እንዳየች ፊቷ ጠቆረ። ወይዘሮ ግሌኒስንም አስጠርታ፣ «እመቤቴ፣ ይሄ ሰው ባሕር ላይ መውጣት አይችልም። አምቡላንስ እጠራለሁ፤ እርስዎም አብረውት ሆስፒታል ይሂዱ። መቼ ነው የጀመረው?» አለች።

መርቪንም ከወንበራቸው ሆነው ሚስታቸውን በዓይናቸው ጠቀሱ። ነገሩን አስተካክዪልኝ ማለታቸው ነበር፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያበላሹ፣ እርሷ ስታስተካክል ኖራለችና። ወይዘሮ ግሌኒስ ባላቸውን አዩ፤ በመስኮቱም በኩል ነጯን መርከብ አዩ፤ በእጃቸው ያለውን የጫማ ሳጥንም አጥብቀው ያዙ። ሠላሳ አንድ ዓመት በእውነት ውሃ ከቋጠረ ሆድ ጋር የዋሉ ሴት ናቸው፤ በዚያ ሕመም የሞቱትን በስም ያስታውሳሉ።

«ዛሬ ጠዋት ነው የጀመረው፣ ዶክተር» አሉ። «መታጠቢያ ቤት ውስጥ። ሸሚዙን ግለጪው፤ ቧንቧ አለው።»

ሐኪሟም ገለጠች፤ ቧንቧም ነበረው። ሴሚሲ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በበሩ ላይ የቆመው ሮን ስኪውስ፣ እስከ መጨረሻው ሊከተል የማለው፣ «ሰውዬውን ያውቁታል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «እኔ? ባቡር ላይ ያየሁት መሰለኝ» ብሎ ሻምፑውን ይዞ ወደ መርከቧ ገባ።

ሴሚሲም ሳቁን ውጦ ተመለሰና በደግነት እንዲህ አለ፤ «አባባ፣ ቀላል ነገር ነው፤ ማንም አልተቆጣዎትም። እዚህ ያስቀምጡት፣ ስምዎን ጽፌ እለጥፍበታለሁ፣ ሲመለሱ ይወስዱታል። አሁን ይግቡ፤ ሰዓቱ ደርሷል።»

እነሆ፣ ደጁ ተከፍቶ ነበር! ሕፃን ልጅ እንኳ በገባ ነበር። መርቪን ግን ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ሸሚዛቸው እንደተገለጠ፣ ከረጢታቸው እንዳበራ፣ ወደ አዳራሹ መካከል ወጥተው ሁለተኛውን አዋጅ አስነገሩ፤ «ሕዝብ ሆይ፣ ስማ! ዛሬ ወይኔን ብሰጥ ነገ ሱሪዬን ይጠይቁኛል። እኔ መርቪን አንዲት ጠብታ አላስረክብም! ወይ ከነወይኔ እገባለሁ፣ ወይ እዚሁ እቀራለሁ!»

ከሰልፉም መካከል አንዲት ሴት «እንግዲያው ቅርና መንገዱን ልቀቅ፣ ሙቀት ገደለን!» ብላ መለሰች፤ ሕዝቡም አጨበጨበላት።

ጀግናው ግን ወደ ሚስታቸው ብቻ ይመለከቱ ነበር። እርሷ ከቀረች ድሉ የእርሳቸው ነው፤ ሁልጊዜም ትቀር ነበር። ከእኅቷ ሠርግ ቀርታለች፤ እርሳቸው ስለ መኪና ማቆሚያ በገጠሙት ክርክር። ከጡረታ ሽኝቷ መካከል ተነሥታ ወጥታለች፤ ስለ ኬኩ ክርክር። አሁንም ባርኔጣዋን አውልቃ «እሺ፣ እንሂድ» እስክትል ጠበቁ።

ወይዘሮ ግሌኒስ ቀረብ ብለው የሸሚዛቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፉላቸው። «የቤቱ ቁልፍ በቦርሳህ የጎን ኪስ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የተሠራ ሥጋ አለ። ጉልበትህን እንዳትረሳ፣ ቀስ ብለህ ሂድ» አሉ፤ ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ይህም መርቪንን ከቁጣ የበለጠ አስፈራቸው።

«ግሌኒስ፣ እውነትሽን ነው?»

«ሌይማስ ቆማ እየጠበቀች ነው» አሉና ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ መንኮራኩሩ የወለቀውን ሻንጣ እየጎተቱ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ገቡ።

መርከቧም ሦስት ጊዜ ጮኻ ሄደች። መርቪን በወደቡ ዳር ቆመው፣ በሰገነቱ ላይ ከሚያውለበልበው ሕዝብ መካከል ሰፊ ባርኔጣ ፈለጉ፤ አላገኙም። ወይኑም በሆዳቸው ላይ ሞቆ እንደ ሾርባ ሆኖ ነበር።

ወደ ሜይትላንድ በሚመለሰውም ባቡር መቀመጫ ሁሉ ተይዞ ነበርና፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሆዳቸውን አይታ፣ አዝና፣ ተነሥታ መቀመጫዋን ለቀቀችላቸው። እርሳቸውም ተቀመጡ። እስከ ጎስፈርድ ጣቢያ ድረስ ብረቱን ይዛ ቆማ ስትወዛወዝ አዩአት፤ አልተነሡም።

በሰባተኛውም ቀን በስልካቸው አንድ ፎቶግራፍ መጣ፤ በሉጋንቪል ወደብ ሁለት አሮጊቶች በአንድ ዣንጥላ ሥር ቆመው፣ አንዷ አዲስ ጫማ ተጫምታ፣ የሌላዋን ፊት በሁለት እጇ ይዛ በጣም ቀርባ ስታይ። ከሥሩ የተጻፈ ቃል አልነበረም። መርቪን ስልኩን በፊቱ ደፍተው ወደ ክለብ ሄዱ፤ በዚያም ለሦስቱ ሽማግሌዎች መርከቧን እንዴት እንዳዋረዷት ተረኩላቸው። ወይዘሮ ግሌኒስም መርከቧ ስትመለስ አልተመለሱም፤ በሳንቶ አንድ ወር፣ ቀጥሎም ሌላ ወር ተቀመጡ፤ አሁንም በዚያው ናቸው።

እንግዲህ የመርቪንን ገናናነት ማን ይናገረዋል? በክፍት በር አልገባም ያሉ፣ የሚያሳድዳቸው ሳይኖር የተከበቡ፣ ነፍሰ ጡር አስነሥተው የተቀመጡ፣ አንዲት ጠብታ ለማንም ያላስረከቡ፣ ለአሸናፊነታቸው ወደር የሌላቸው እርሳቸው ናቸው። ከቀድሞ ነገሥታት ወይን ጠጥተው ቤታቸውን ያጡ ብዙዎች ነበሩ፤ ገና ሳይጠጡ ያጡ ግን ከእርሳቸው በቀር አልተገኘም።