ክቡር እሺታ ኤም አር አይ ሲገቡ

እምቢ ማለት ያልፈጠረበት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ ካለም ሰፈሩ ገና አልተሟላም። ጎረቤት ሁሉ «ክቡር እሺታ» የሚላቸው የፖስታ ቤት ጡረተኛ የዚህ ዘር አለቃ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ለሚቀይሩ ሦስት ጎረቤቶች ለተመሳሳይ ሰዓት ቃል ገብተው፣ ለሦስቱም ዕቃ ተሸከሙ። አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ከሦስተኛው ቁም ሣጥን ሥር፣ ደረታቸውን ወጋቸው። «አረፍ ይበሉ» ሲሏቸው እሺ አሉ። «ቁም ሣጥኑስ?» ሲሏቸውም እሺ አሉ።

ሆስፒታል ተወሰዱ። ደረታቸው በቀዶ ሕክምና ይከፈት አይከፈት የሚወሰነው ኤም አር አይ የተባለው ማሽን በሚያነሣው የልባቸው ደም ሥሮች ምስል ነው። ምስሉን የምታነሣው ባለሙያ አንድ ጠላት አላት፦ ትንፋሽ። ደረት ሲነሣ ልብ አብሮ ይነሣል፤ ክር የምታህል ደም ሥር ትደበዝዛለች።

«ጋሼ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» አለች ከመስታወቱ ማዶ፣ በማይክሮፎን።

«ኣ!» አሉ ከማሽኑ ሆድ።

ክቡርነታቸው ከልብ ሲስማሙ ቃል አያወጡም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ ደረት ሙሉ። ምስሉ ጭጋግ ሆኖ ወጣ።

«ጋሼ፣ አይመልሱልኝ።»

«ኣ!»

«እሱንም አይበሉ!»

«ኣ! ይቅርታ፣ የኔ ልጅ።»

ገብታ ሆዳቸው እንዳይነሣ በሰፊ ቀበቶ ጠፍራ አሰረች። «ጠበቀብዎት?»

«ኧረ ምንም!» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«አትልፊ፣ ልጄ» አሉ ከመስታወቱ ማዶ ስትመለስ አጠገቧ የተቀመጡት ባለቤታቸው። «አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር አስጨርሶኝ አያውቅም። ገና ስጀምር ይስማማል።»

ባለሙያዋ አሰበች፦ የሚስማሙበት ነገር ቢያጡስ?

«ጋሼ፣ መጥሪያው እጅዎ ላይ ነው። እኔ ከእንግዲህ አልናገርም፤ እንዳሻዎ ይተንፍሱ።»

«ኣ!»

ማይክሮፎኑን ዘጋች። ሳንባን ከታች የሚገፋውን ጡንቻ ማሽኑ ራሱ እንዲከታተል፣ ትንፋሻቸው ወጥቶ ባለቀ ቁጥር ብቻ እንዲያነሣ አዘዘችው። ሃያ አምስት ደቂቃ ማንም ምንም አልጠየቃቸውም፤ ምናልባት በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ዕረፍት ይሆናል። ደም ሥሮቹ አንድ በአንድ ጥርት ብለው ወጡ።

ምስል ለሐኪም በኮምፒውተር ይላካል። እሷ ግን ልካ አላስቻላትም፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጥታ ከሐኪሙ ወንበር ጀርባ ቆመች። ሐኪሙ ሳይቸኩል አየ፤ መነጽሩን ጠረገና እንደገና አየ።

«አንዷ ጠበብ ብላለች» አለ። «ቢላ ግን አያስፈልጋትም። መድኃኒት ይበቃል።»

«ተመስገን!» ብላ ጮኸች።

ዞር ብሎ አያት። «ዘመድሽ ናቸው እንዴ?»

«አይደሉም» አለች። «ቢጠየቁ ግን እሺ ይላሉ።»