የሮቦት ቡድን አመራረጥና የትርፏ ብሎን ዜና

ኪቦርዶች እንዴት እንደተፈቱና እንዴት እንዳልተገጠሙ ለትውልድ ይታወቅ ዘንድ ይህ ተጻፈ።

በዘመነ ርእሰ መምህር በሰባተኛው ዓመት፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ በተጠገነ በአርባኛው ቀን፣ ተመልሶም በተበላሸ በሠላሳ ዘጠነኛው፣ ሥዩመ ላቦራቶሪ፣ ካቻቢቴ በኪሳቸው፣ ጠመኔ በጢማቸው የማይታጣው፣ በእህታቸው ቤት በደባልነት የሚኖሩት መምህረ ፊዚክስ፣ የትምህርት ቤቱን የመጀመሪያ የሮቦት ቡድን ሊመርጡ ተነሡ። እንዲህም አሳወጁ፦ «ያለው አምስት ወንበር ነው። ዘመድ አለኝ የሚል ሰላምታዬን ያድርስልኝ!»

ተመዝጋቢዎቹም እነሆ፦ ከዘጠነኛ ሀ መነጽር ያደረጉ ስድስት፣ ከዘጠነኛ ለ መነጽር የተዋሱ አራት፣ ከአሥረኛ ክፍል «ሽቦ» የተባለው ቀጭኑ ከነጭፍሮቹ፤ በድምሩ ሃያ ሁለት። ከነዚህም አንዱ የመምህሩ የእህት ልጅ ነበረ። እናቱም፣ መምህሩ በነጻ የሚያድሩበት ክፍልና በየምሽቱ የሚቀርብላቸው እራት ባለቤት፣ ገና ሳይፈተን «ልጄ ሮቦት ገባልኝ!» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውጃ ነበር።

ወእምዝ ለእያንዳንዱ ከኮምፒውተር ክፍል የተጣለ አሮጌ ኪቦርድ ተሰጠው፤ ፈትቶ መልሶ እንዲገጥም፣ የቸገረውም እንዲናገር ታዘዘ። ነገር ግን መምህሩ በዋዜማው፣ የትም የማትገባ አንዲት ትርፍ ብሎን በየኪቦርዱ ሆድ ጨምረው ነበር፤ ይህንንም ከዚህ ጸሐፊ በቀር ያወቀ አልነበረም።

ጦርነቱም ጸና። ላብ ፈሰሰ፤ ሁለት ቁልፎች ተፈናጥረው ቁም ሣጥን ሥር ተሰደዱ። በመጨረሻም ለሁሉም አንዳንድ ብሎን ተረፈው። አንዱ በመስኮት ወረወራት፤ ሽቦ በማስቲካ ከጠረጴዛ ሥር ለጠፋት፤ አንዷ ልትውጣት አስባ ውሃ አጣች። የእህት ልጅ ግን ካልሲው ውስጥ ከቷት፣ ከጦር ሜዳ እንደተመለሰ ቁስለኛ እያነከሰ ኪቦርዱን አስረከበ። መምህሩም አነካከሱን እያዩ ተረከቡት።

እጃቸውን ያወጡ አራት ብቻ ነበሩ። ቀዳሚዋም የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ቲቸር፣ ይቺ ተርፋኛለች። የት እንደምትገባ እኔ እንጃ፤ ከፈለጉ ይጣሉኝ!» አራቱም ተመረጡ፤ አምስተኛው ወንበር ባዶውን ቀረ።

በእራት ሰዓትም የእህት አዋጅ ወጣ፦ «ስማ አንተ! ወንበር ተርፎ እያለ የገዛ እህትህን ልጅ? በጎረቤት ፊት አንገቴን ልታስደፋኝ? ምክንያቱን ካልነገርከኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ እራትህን ሮቦትህ ይሥራልህ!» ልጁም ዓይኑን ወደ ካልሲው ጣለ፤ ጆሮውም ቀላ። ለመምህሩ አንዲት ቃል እራታቸውን በመለሰችላቸው ነበር።

ኦ የብሎን ፈታሒ! ኦ ረሃብ የማያናግረው፣ ቁጣ የማያስለፈልፈው፣ የሰው ካልሲ የማይገልጥ ጀግና! ባዶ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው የዘመናቸውን አጭር አዋጅ አወጁ፦

«አልመረጥኩትም። ለምን እንደሆነም አልናገርም።»