ለመስማት መስማማት

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ። እኛ ዓይናችንን ጨፍነን "እስማማለሁ" የምትለዋን ቁልፍ ስንጫን እሱ መነጽሩን ይፈልጋል። እኛ አዲሱን ስልካችንን ከፍተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ለዘመድ ልከን፣ አምሮብሃል ተብለን ስንጨርስ እሱ ገና ገጽ አራት ላይ ነው። ከኋላው ወረፋ ይረዝማል፣ ከፊቱ ሻይ ይቀዘቅዛል፣ ከጎኑ ሚስት ታፍራለች። ኩባንያዎች ያን ሁሉ ገጽ የሚጽፉት ማንም እንደማያነበው ተማምነው ነው ይባላል። ይህን ሰው ስላላገኙት ነው።

የእኛው ሰው ጋሽ አንቀጽ ይባላል። ስሙን ያወጡለት የሚኖርበት ሕንፃ ጎረቤቶች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል፤ ቀይ እስክሪብቶው ግን አብራው ጡረታ አልወጣችም። ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ስለሆነች ሕንፃው በሙሉ "መምህርት" እያለ ይጠራታል። እሷ ባሏን የምትጠራው "አንተ ሰው" ብላ ነው፤ ሲብስባት "ኧረ አንተ ሰው"።

"ኧረ አንተ ሰው" ያሰኛት ነገር ብዛት አለው። አዲስ ቴሌቪዥን የገዙ ዕለት ለዋንጫ ጨዋታ ጎረቤት ተጠርቶ ነበር። ሳሎኑ ጢም ብሏል፤ ወንበር ያጣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ከኳሱ በፊት ጽሑፍ መጣ። ጋሽ አንቀጽ ሪሞቱን አንደኛ ፎቅ ከሚኖረው ሹፌር እጅ ተቀበለና "መጀመሪያ እናንብበው" አለ።

ስልሳ አንድ ገጽ ነበር። ጎል መግባቱን ያወቁት ከላይኛው ፎቅ በመጣው ጩኸት ነው። አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ሲደርስ ጋሽ አንቀጽ ፍርድ እንደሚያሰማ ዳኛ ቀና አለ።

"ይኼ ቴሌቪዥን" አለ፣ "እኛ ምን እንደምናይ ያያል። አይቶም ለሌላ ይናገራል።"

"ጋሼ" አለ ሹፌሩ በትሕትና፣ "እኛስ መቼ ነው የምናየው?"

ሁለተኛውን አጋማሽ ሹፌሩ ቤት፣ በትንሿ ቴሌቪዥን፣ ተደራርበው አዩ። መምህርትም አብራ ወርዳለች። ስትመለስ ባሏ አዲሱን ቴሌቪዥን ከኢንተርኔቱ ነቅሎ፣ ተራ አንቴና ሰክቶለት፣ እግሩን ዘርግቶ ዜና ያያል። "አሁን አያየንም" አላት፣ ጅብ ከደጅ እንዳባረረ ሰው።

የእጅ ባትሪ አፕ የስልክ ማውጫህን ልይ ቢለው፣ "መብራት የእህቴን ቁጥር ምን ያደርግለታል? ሲጨልምበት ሊደውልላት ነው?" ብሎ አጠፋው። የልብስ ማጠቢያ ማሽናቸው ሲበላሽ የመጣው ጠጋኝ፣ ክዳኑን ለመክፈት ከኩባንያው ብቻ የሚገኝ ልዩ መፍቻ ያስፈልጋል አለው። ጋሽ አንቀጽ ማሽኑ ላይ እጁን ጭኖ፣ "ገዛነው ወይስ ተከራየነው?" ሲል ጠየቀ። ጠጋኙ መልስ አልነበረውም። መምህርት ለሦስት ሳምንት አንሶላ በእጇ ስታጥብ እሷም መልስ አልነበራትም፤ የነበራት ሳሙና ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ማረሙ ነው። ውሉን አንብቦ ዝም አይልም፤ አሳትሞ፣ በቀይ አርሞ፣ ለኩባንያው በደብዳቤ ይልካል። አንድ ጊዜ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ "በአንቀጽ ዘጠኝ ‘ተጠቃሚ’ የሚለው ቃል ‘ተጠቂ’ ተብሎ ተጽፏል። ስህተት ከሆነ ይታረም። ስህተት ካልሆነ ይብራራልኝ።" መልስ አልመጣም። እሱ ግን የሚስጥር ስምምነት ተፈጽሟል ብሎ ያምናል፤ በሚቀጥለው እትም ቃሉ ተስተካክሎ ወጥቷልና።

የመምህርት ጆሮ መድከም የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከጆሮ ኋላ የምትቀመጥ፣ ጥፍር የምታህል፣ በስልክ የምትታዘዝ የመስሚያ መሣሪያ ለሁለቱም ጆሮዎቿ ገዙ። ጋሽ አንቀጽ ውሉን አራት ቀን አንብቦ "ንጹሕ ነው" አለ። ከአፉ ይህን ቃል የሰማ ኩባንያ የመሣሪያው አምራች ብቻ ነው። ያለ መሣሪያው ዓለም ውሃ ውስጥ ሆና እንደምትሰማው ይሆንባታል፤ ትልቅ ሰው ፊት ለፊቷ ቆሞ ጮክ ቢል ትይዛለች፣ የሕፃን ድምፅ ግን አይደርሳትም። የእሷ ሥራ ደግሞ ከጠዋት እስከ ቀትር ሕፃን መስማት ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ሳለ ጆሮዋ ውስጥ ያለው ዓለም ዝም አለ። ስልኳን ስታይ አዲስ የአጠቃቀም ውል መጥቷል። ከሥሩ አንድ ቁልፍ፦ "እስማማለሁ"። ሌላ ቁልፍ የለም። እስክትስማማ ድረስ መሣሪያው እንደማይሠራ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል።

አውራ ጣቷን ስታነሳ ባሏ ከጎኗ ደርሷል።

"ቆይ፣ እናንብበው።"

ቃሉን ባትሰማውም ከንፈሩን ታውቀዋለች። ስልኩን ሰጠችውና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየችው። ጋሽ አንቀጽ በሕይወቱ ፈጥኖ ያነበበው ያን ጠዋት ነው። አንቀጽ ሃያ ሁለት ላይ ጣቱን አሳርፎ አስነበባት፦ "መሣሪያው የሚያገኛቸውን ድምፆች ኩባንያው አገልግሎቱን ለማሻሻል ሊቀዳ፣ ሊያስቀምጥና ለአጋሮቹ ሊያካፍል ይችላል።"

"እኔ የፈለግሁት መስማት ነው" አለች።

"ለመስማት መስማማት አለብሽ ነው የሚሉሽ" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

"እስማማለኋ። ሰው ሁሉ ተስማምቶ እየኖረ አይደለም እንዴ? ኧረ አንተ ሰው፣ ሠላሳ ሕፃን እየጠበቀኝ ነው። ጆሮው የኔ ነው።"

ሊከራከራት ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ስልኩን መልሶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

"ጆሮው ያንቺ ነው። ተጫኚው፣ አልቀየምሽም። ልጆቹ ግን አልተጠየቁም።"

መምህርት ቆመች። ሕፃናት አስተማሪ ጆሮ ውስጥ ምን ምን እንደሚያፈሱ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ማን አልጋው ላይ እንደሸና፣ የማን አባት ቤት እንደማያድር፣ ማታ ማን ማንን እንዳስለቀሰ። መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው የአራት ዓመቷ ልጅ አንገቷን አቅፋ ሳታንሾካሹክ የዋለችበት ቀን የለም። መምህርት ስልኩን ሳትጫን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መንገዱን ሁሉ ባሏን በሆዷ ስትረግም ሄደች፤ ቢያስገድዳት ኖሮ ንዴቷ ይቀልላት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አላማረም። አንድ ልጅ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ሦስት ጊዜ ሲለምናት መዝሙር የጠየቃት መስሏት አጨበጨበችለት። መሬቱ ከታጠበ በኋላ ርእሰ መምህርቷ ቢሮዋ ጠርታ ወረቀት ላይ ጻፈችላት፦ "እትዬ፣ ወይ ተጫኚው፣ ወይ ጆሮሽ እስኪስተካከል ዕረፍት ውሰጂ።" ዕረፍት የተባለው በዚህ ዕድሜ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም አላጡትም።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ አንቀጽን ኮቱን ለብሶ፣ ማስታወሻ ደብተር ይዞ፣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። "ጆሮሽ እኔ ነኝ" አላት። ርእሰ መምህርቷን እንዴት እንዳሳመናት እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ምናልባት አንድ ነገር አንብቦላት ይሆናል።

የሕፃናቱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ልጆቹ ተራ ይዘው ጆሮው ሥር ይነግሩታል፣ እሱ ይጽፋል፣ እሷ አንብባ ትመልሳለች። መምህርት ከሁሉ የፈራችው ቀዩን እስክሪብቶ ነበር። የመጀመሪያዋ ወረቀት እጇ ስትገባ "ነገ አያቴ ቤት ሄድኩ" ትላለች። ከሥሯ በደቃቅ ፊደል "እንደተባለው" የሚል አለ። "የወንድሜ ጥርስ ሞተ፤ እንደተባለው።" የሚኒስትር ንግግር ሳያርም አሳልፎ የማያውቅ ሰው የሕፃናትን ቃል አንዲት ፊደል ሳይነካ አሳለፈ።

ሐሙስ ዕለት የመስኮቷ ልጅ ተራ ደረሰ። መምህርት ከማዶ ሆና አየች። ልጅቷ ቆማለች፤ ባሏ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይጠይቃታል፤ ልጅቷ ታስባለች፤ እንደገና ይነጋገራሉ፤ ከዚያ ልጅቷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቅንቃ ወደ ቦታዋ ሄደች። የመጣችው ወረቀት "አልተስማማችም። ልክ ናት።" ብቻ ትላለች።

የተባባሉትን ቤት ሲደርሱ ጽፎ ሰጣት።

"የምትነግሪኝን ለመምህርትሽ እጽፍላታለሁ። ልጻፍ?"

"እሷ ብቻ ናት የምታየው?"

"እሷ ብቻ።"

"አንተስ አትሰማም?"

"እሰማለሁ።"

"እንግዲያው አልፈልግም። ጆሮዋ ሲመጣ ለራሷ እነግራታለሁ።"

መምህርት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጠረጴዛው ማዶ ባሏ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ነበር። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ከየሱቁ ጎትታ ያወጣችውን ሰው፣ በየወረፋው አላውቀውም ልትል የቃጣችውን ሰው፣ ቀና ብላ እንደ አዲስ አየችው። የቀዘቀዘውን ሻዩን ደፍታ ሌላ ቀዳችለት።

ከሰዓት ከሰዓት ደግሞ ጋሽ አንቀጽ የኩባንያው ቢሮ ይውላል። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁሉ ነገሩ መስታወት፣ ቁጥር ተቆርጦ የሚጠበቅበት። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ወጣት ሠራተኛ የመጀመሪያ ቀን ፈገግ ብላ ተቀበለችው።

"አባቴ፣ ሁሉም ደንበኛ ተስማምቶበታል እኮ።"

"ሁሉም አንብቦታል?"

"እሱን እንኳ... እውነቱን ለመናገር እኔም አላነበብኩትም።"

"አትቸኩዪ" አላት፣ በቀይ የታረመውን ቅጂ እያሳለፈላት። "እስክታነቢው እቀመጣለሁ።"

ተቀመጠ። በማግስቱም ተቀመጠ። ቁጥር ይዘው የሚጠብቁ ደንበኞች ምን እንደሚጠብቅ ሲጠይቁት ይነግራቸዋል፤ ነግሮም ቅጂ ይሰጣቸዋል፤ የፈለገም ለኩባንያው በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይፈርማል። በአራተኛው ቀን ሠራተኛዋ አንቀጽ ሃያ ሁለት ላይ ደረሰች። አንብባ ስትጨርስ ጠረጴዛዋ ላይ የነበረውን የራሷን ስልክ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። "አባቴ" አለችው ቀስ ብላ፣ "ደብዳቤውን ለእኔ ይስጡኝ። እኔ ራሴ ላይኛው ፎቅ አደርሰዋለሁ።" ዘጠና ሦስት ፊርማ ተያይዞበት ነበር፤ አብዛኛው እዚያው ወረፋ ላይ የተገኘ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ የመምህርት ስልክ ላይ አዲስ ጽሑፍ መጣ። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ። አንደኛው የድሮው ነው። ሁለተኛው "ድምፅ ሳልልክ ልቀጥል" ይላል። ሕንፃው ውስጥ መሣሪያ ያለው አንድ ሌላ ሽማግሌ ነበር፤ "አንድ ቁልፍ ጨምረውልናል፣ ደግ ሰዎች ናቸው" ሲል ሰሙት። ጋሽ አንቀጽ አላረመውም።

እሷ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች፤ እሱ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ሁለት ሰዓት ፈጀበት። አንድ የፊደል ግድፈት አገኘ፣ እስክሪብቶውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ስልኩን ወደ እሷ ገፋ አደረገና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። መምህርት ሁለተኛውን ቁልፍ ተጫነች። መጀመሪያ የማቀዝቀዣው ጉምጉምታ መጣ፣ ቀጥሎ ከደረጃው የሰው ኮቴ፣ ቀጥሎ የባሏ ትንፋሽ። ሲያነብ በአፍንጫው ያፏጭ እንደነበር ረስታው ኖሯል።

በማግስቱ የመስኮቷ ልጅ አንገቷን አቅፋ የአሥራ አንድ ቀን ዕዳዋን አወረደች። ምን እንዳለቻት እዚህ አይጻፍም።

ቀጣዩ ሰኞ መምህርት ጫማዋን አስራ ቀና ስትል ጋሽ አንቀጽ ኮቱን ለብሶ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ በሩ ላይ ቆሟል። ጆሮዋ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች አየ፤ ደብተሩን አየ፤ ኮቱን ሊያወልቅ አንድ ቁልፍ ፈታ።

"የት ልትሄድ ነው የምታወልቀው?" አለችው።

"አይ፣ እንግዲህ..."

"እርሳሶቹ በሙሉ ዶልዱመዋል። የሚቀርጽልን ሰው የለም። ተረት የሚያነብላቸውም የለም፤ የኔ ጉሮሮ ደክሟል።"

ጉሮሮዋ ደህና ነበር። እሱም ደህና መሆኑን ያውቃል።

"በሳምንት ስንት ቀን?"

"ሦስት።"

"እሺ" አለ፣ የፈታውን ቁልፍ መልሶ እየቆለፈ።

መንገዱ የሃያ ደቂቃ እግር ነው። ጋሽ አንቀጽ ከበሩ ወጥቶ እስከ ዋናው መንገድ ስለ ማቀዝቀዣው ዋስትና አወራት፤ ከዋናው መንገድ እስከ መሻገሪያው ስለ ዋስትናው ልዩ ሁኔታዎች፤ ከመሻገሪያው ወዲያ "ተፈጥሯዊ አለባበስ" የሚለው ሐረግ ለማቀዝቀዣ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል። መኪና ይጮሃል፣ ሰው ይጋፋል፣ እሱ አያቋርጥም። የግራው መሣሪያ ላይ፣ በጣት ዳበስ ቢያደርጉት ድምፅ የሚቀንስ ነገር አለ። መምህርት ፀጉሯን ልታስተካክል እጇን ወደዚያ ሰደደች፤ ጣቷ ነካ ሊያደርገው ደረሰ፤ ፀጉሯን ብቻ አስተካክላ እጇን ክንዱ ውስጥ አስገባች።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አለችው።